በአሜሪካ በኩል የመጣ ድምፅ

አባቴ አሜሪካን የሚያውቋት በአንድ ሰው ነው። ቡሬ ተማሪ ሳሉ እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ወጣት አሜሪካዊ ነበር። ሁለት ዓመት አስተምሮ ሄደ። የጫማውን ክር ሳያስር ክፍል ይገባ ነበር ይላሉ፤ ከኪሱ ቆሎ አይጠፋም፤ በእረፍት ሰዓት ከልጆቹ ጋር አቧራ እስኪለብስ ኳስ ይጫወታል። ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ የተባለ ሰሞን ተማሪዎቹን ሜዳ ላይ ሰበሰበ፤ አንዱን ልጅ መሬት፣ ሌላውን ጨረቃ አድርጎ አቆመና ራሱ በመካከላቸው እየሮጠ መንገዱን አሳያቸው። ጨረቃ ሆነው የቆሙት አባቴ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መምህር ሆነዋል፣ ርዕሰ መምህር ሆነዋል፣ ጡረታ ወጥተዋል። ስለ አሜሪካ ሲነሳ ግን ያ ሜዳ ላይ ሳይንቀሳቀስ የቆመው ልጅ ፊታቸው ላይ ይመጣል።

ጎረቤታችን ደግሞ አውሮፓን የሚያውቋት በጉድጓድ ነበር። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። በጎልማሳነታቸው ከአንድ ቀዝቃዛ የአውሮፓ አገር ከመጡ የውሃ ባለሙያዎች ጋር ተቀጥረው፣ በቡሬና በጅጋ ዙሪያ ባለው ገጠር ጉድጓድ ሲያስቆፍሩና የእጅ ፓምፕ ሲተክሉ ኖረዋል። «የእኔ ፈረንጆች» ነበር የሚሏቸው። «ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ቢናገሩ ነው። ማታ ግን ውሃው ይወጣል» ይሉ ነበር።

ሁለቱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተው ኖሩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ከአባቴ ጋር ነኝ፤ እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ጋሼም ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ስለነበሩ አመሻሹን ወደ እኛ ይመጡ ነበር። በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይከፈታል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የጀርመኑ የአማርኛ ዜና፣ ሦስት ሰዓት ላይ የአሜሪካው። በመካከል ያለው ጊዜ የክርክር ነው።

«አውሮፓ ማለት» ይላሉ አባቴ፣ «ርስቱን ሽጦ ካባውን ያላወለቀ ባላባት ነው። ሲናገር ደስ ይላል። ሲያዝ ግን የሚነሳለት የለም።»

«የአንተዋ አሜሪካስ?» ይላሉ ጋሼ። «የሠርግ ቤት አጋፋሪ አይደለች? አንተ ግባ፣ አንተ ውጣ ስትል ታመሻለች። ሠርጉ ሲያልቅ አጋፋሪውን ማን ያስታውሰዋል?»

«ሠርጉ አላለቀማ!»

«ኧረ ተወው፣ ይደርሳል።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ፍረጂን እንጂ።» እኔም የማስተምረውን እነግራቸዋለሁ። የአሜሪካ ጦር የት የት እንዳለ፣ ዶላር ለምን ሁሉ ቤት እንደሚገባ፣ አውሮፓ ተባብራ እንኳ አንድ ነገር ለመወሰን ስንት ስብሰባ እንደምትቀመጥ፣ ግን ደግሞ የፋብሪካውን፣ የመድኃኒቱን፣ የመኪናውን ደንብ እሷ ስታወጣ ዓለም እንዴት እንደሚከተል። ሁለቱም ከንግግሬ የየራሳቸውን ድርሻ ብቻ ይወስዳሉ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ከሁለቱ የትኛው ነው እኛን የሚቀበለን?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማታ ይህን ሳወራላቸው ሁለቱ ሽማግሌዎችም አልሳቁም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ስልክም አንዳንድ ሰሞን ጭራሹን ይጠፋል። ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። የመጨረሻውን ቀን ሰሌዳው ላይ የዓለምን ካርታ ስዬ ነበር፤ ከወራት በኋላ ዕቃዬን ላወጣ ስገባ ካርታው እንዳለ ቆየኝ። ጣራው ፈስሶ አፍሪካን በውሃ መስመር ከላይ እስከ ታች ሰንጥቋታል እንጂ ማንም አልነካውም። ወንበሮቹ ልጆች የተቀመጡባቸው ይመስል ወደ ሰሌዳው ዞረው ቆመዋል። ዕቃዬን ሳላነሳ ወጣሁ።

በዚያ ጊዜ ሬዲዮው የቤቱ ዋና ሰው ሆነ። መብራት ስለማይኖር የምንጠቀመው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክም አባቴ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ድምፁን ቀንሰን፣ ሦስታችንም አንገታችንን ወደ እሱ አስግገን ነው የምንሰማ። ጋሼ አንድ ቀን ሬዲዮውን ገልብጠው የተሠራበትን አገር አዩና «ሁለቱም የሚናገሩት በቻይና አፍ ነው ለካ!» ብለው በሳቅ ገደሉን። ውጭ ተኩስ ሲሰማ ሳቃችንን ዋጥነው።

ክርክሩም ተለወጠ። ቀድሞ የሚከራከሩት ማን ዓለምን ያዛል በሚል ነበር። አሁን የሚጠብቁት ማን የእኛን አገር ስም እንደሚጠራ ነው። የጀርመኑ ስለ አውሮፓ ምርጫ፣ ስለ ጋዝ ዋጋ፣ ስለ ዩክሬን ይዘረዝርና ወደ ማብቂያው ስለ እኛ ጥቂት ይላል። የአሜሪካው አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘላል። አንድ ማታ የአሜሪካ መንግሥት በአካባቢው ያለው ሁኔታ እንዳሳሰበው ተነገረ።

«ሰማህ?» አሉ አባቴ። «አሳሰባቸው።»

«የእኔዎቹም ባለፈው ሳምንት በጥብቅ አሳስቧቸው ነበር» አሉ ጋሼ። «እንግዲህ እኛ ተኝተን እነሱ ሊያነጉ ነው።»

ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ አየሁ። ደስ የሚል ስምምነት አልነበረም።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈካ የጋሼ ታላቅ እህት ታመሙ የሚል መልእክት ከገጠር መጣ። መንደራቸው ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው፤ ያ ሰሞን መኪና ባይኖርም ለእግረኛ የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆን ነው። ያን ዓመት ወባ አገሩን ይዞት ነበር። አባቴ አትሂድ ብለው ለመኗቸው።

«እህቴ ናት እኮ» አሉ ጋሼ። «ባትታመም ኖሮ ያንተን አሜሪካ ስሰማ እቀመጥ ነበር።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። በየመንገዱ ያለው ፓምፕ የእኔ ነው። ውሃ እየጠጣሁ እደርሳለሁ።»

ጠዋት ከሁለት ገበሬዎች ጋር ወጡ። ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው፣ አባቴ በር ላይ ቆመው እያዩዋቸው ዞር ሳይሉ ሄዱ። በሳምንቱ እመለሳለሁ ብለው ነበር። ሳምንቱ አለፈ፤ መንገዱ ተዘጋ። ስልካቸው አይሠራም፣ የእኛም የሚሠራበትና የማይሠራበት አይታወቅም። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮውን ይከፍታሉ፣ ክርክር የለም፤ ዜናው ሲያልቅ «እንግዲህ» ይሉና ይዘጉታል።

አንድ ሐሙስ ማታ የአሜሪካው ሬዲዮ በምዕራብ ጎጃም ስለተነሳ የወባ ወረርሽኝ ዘገባ አቀረበ። ጋዜጠኛዋ የጅጋን ስም ስትጠራ አባቴ እጃቸውን አንስተው ዝም እንድል ነገሩኝ። አንድ የጤና ባለሙያ ተናገረ። ቀጥላ «ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ የአካባቢው ነዋሪ» አለች። ከዚያ የስልክ ሹክሹክታ፣ ንፋስ፣ ከርቀት የሚጮህ ከብት ተሰማ።

«ሰው በየቤቱ ወድቋል» አለ ድምፁ። «ጤና ኬላው በሩ ክፍት ነው፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። መድኃኒቱ ድሮ በካርቶን ይመጣ ነበር፤ አሁን መንገዱ ዝግ ነው።»

ጋሼ ነበሩ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ግን እሳቸው ናቸው። ማንም ሌላ ሰው አማርኛን እንደዚያ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አስቀምጦ አይናገርም። አባቴ ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆሙ። ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

ጋዜጠኛዋ «እስካሁን የደረሰላችሁ ርዳታ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ውሃ አለን» አሉ ጋሼ። «ከድሮ የተቆፈረ ነው። የቆፈሩት ሰዎች አገራቸው ከገቡ ቆዩ። እሱ ግን አልከዳንም። ሰጪው ቢሄድም ይቀዳል።»

ሪፖርቱ አለቀ፤ ሙዚቃ ገባ። አባቴ እንደ ልጅ ሳቁ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ለእኔ ነው ያለው! ሰማሽው? ለእኔ ነው! በአሜሪካ ሬዲዮ ገብቶ አውሮፓን አሞግሶ ወጣ! አይ ይሄ ሰውዬ!»

«ደህና ናቸው ማለት ነው፣ አባዬ።»

«ደህና ነው እንጂ! ክርክሩን እኮ አልተወም!»

ያን ማታ እራት ጠርገው በሉ። በማግስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ በጆሮው ነገሩ፤ ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁት ነዋሪ ማን እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። አባቴ መልስ ማዘጋጀትም ጀመሩ። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጣታቸውን እየቆጠሩ ሲያጉተመትሙ አገኛቸዋለሁ። «ሲመጣ የምለውን አውቃለሁ» ይሉኛል። «ፓምፑ የአውሮፓ ይሁን። ድምፁን ተሸክሞ ያመጣው ግን ማን ነው?»

መንገዱ ትንሽ ተከፍቶ የገበያ ሰው መግባት ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ሴት ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ግን ቅንድባቸው የጋሼ ነው። እህታቸው ነበሩ። አባቴ ከኋላዬ ደርሰው አወቋቸውና ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ጥቁሩን ልብስ አላዩትም፤ ወይም አይተው ሌላ ሰው ሞቶባቸዋል ብለው ይሆናል።

«እንኳን ዳኑ! ታመዋል ተብሎ ነበር እኮ። ያ ሰው ወዴት አለ? በሬዲዮ ሰማነው!»

ሴትየዋ እጃቸውን አልሰጡም። «መቼ ነው የሰማችሁት?» አሉ።

«ሐሙስ ነው፤ ጥቅምት ሳይወጣ። ስለ ወባው የተናገረ ዕለት።»

«ሐሙስ?» አሉ። «ረቡዕ ነው እኮ የቀበርነው፣ ጌታዬ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። አባቴ በሩን ተደግፈው ቀስ እያሉ ሲቀመጡ ትዝ ይለኛል። ለቅሶ ተቀመጥን፤ ሰፈሩ መጣ። ሴትየዋ ማታ በኩራዝ ብርሃን ነገሩን። እሳቸው ሲድኑ ወንድማቸውን በተራው ወባው ያዘው። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ቢከለክሉት እንቢ ብሎ፣ በዱላ እየተደገፈ ወጣ።

«ወዴት ነው? ስለው ፍኖተ ሰላም ልደውል ነው አለኝ። እርስዎ ጋ ነው የደወለ። ደጋግሞ ሞከረ፣ አልገባ አለው። ተስፋ ቆርጦ ሊወርድ ሲል ስልኩ ጮኸ። ማን ቁጥሩን እንደሰጣቸው እንጃ፣ ከአሜሪካ ነን አሉት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አወራቸው። ሲወርድ እየሳቀ ነበር። 'ሰውዬው ከሰማ ይናደዳል' አለኝ። እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልወረደም።»

የግማሽ ቀን መንገድ ያህል ከእኛ ርቀው ተቀምጠው ነው የጠሩን፤ አልሰማናቸውም። ድምፃቸው ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካ ደርሶ፣ ለቀናት እዚያ ቆይቶ ነው ተመልሶ አጥር ለአጥር ወደነበርነው ወደ እኛ የመጣው። እኛም ስንስቅ እሳቸው አፈር ውስጥ አንድ ሌሊት አድረዋል። ይህን ማሰብ እስካሁን ያስቸግረኛል። አባቴ የሳቁት ሳቅ አሁንም በዚያ በረንዳ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ማታ በሩን ስዘጋ እሰማዋለሁ።

ድምፁን ደግመን ሰማነው። የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ የአሜሪካው ሬዲዮ ዓመቱን የሚቃኝ ዝግጅት አቀረበ፤ ስለ ወባው ሲደርስ ያንኑ ቀድቶ አስገባው። ንፋሱ፣ ከብቱ፣ «ውሃ አለን» የሚለው። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ አባቴ እጄን ያዙኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ይቀዳል አለ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ሞኙ ውሃው መስሎኝ።»

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካውን ሰዓት የሚጠብቁበት ጥበቃ ተለወጠ። ዜናውን አይደለም የሚጠብቁት። ሙዚቃው ገብቶ ጋዜጠኛዋ ስታስተዋውቅ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የዕለቱ ዘገባ ሁሉ ታውቆ ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ ይገልጡታል። ምን እንደሚጠብቁ አልጠየቅኳቸውም። እኔም ያንኑ እጠብቅ ነበርና።

በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ሲከፈት ባዶ ሽውታ ብቻ ሆነ። አባቴ ድንጋዩን አወጡት፣ መለሱት። መርፌውን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሱት። አንድ ዓረብኛ፣ አንድ መዝሙር፣ እንደገና ሽውታ። በማግስቱም እንዲሁ። ነገሩን የነገረን የጀርመኑ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የራሱን ሬዲዮ ዝም አሰኘው አለ። በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ በሚመጣ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የጤና ሠራተኞች ከየወረዳው ተሰናበቱ፤ አንዷ የጓደኛዬ እህት ናት፣ ቡሬ ገብታ ሻይ ቤት ከፈተች።

አባቴ ዜናውን ከጀርመኑ ሲሰሙ ፊታቸውን አየሁት። የተናደዱ አልመሰሉም። ያፈሩ ነው የሚመስሉት፣ የዘመድ ነውር በጎረቤት አፍ እንደሰማ ሰው።

«ይሄን ሳይሰማ ሞተ» አሉ። «ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን ነበር እኮ።» ሬዲዮውን ዘግተው ደግሞ፣ «ድምፁንስ ምን ያደርጉት ይሆን?» አሉኝ።

«የማንን?»

«የእሱን ነዋ። እዚያ አይደል ያለው። ቤቱን ሲዘጉ ዕቃውን ወዴት ያደርጉታል?»

አንድ ቦታ ተቀምጦ ይኖራል አልኳቸው። እርግጠኛ አልነበርኩም። የአሜሪካን ታላቅነት ስንት ጊዜ በመርከብና በአውሮፕላን ቁጥር ለተማሪ አስረድቻለሁ፤ ለአባቴ ግን ያ ሁሉ ተጠቃሎ አንድ የሟች ወዳጅ ድምፅ የተቀመጠበት ቤት ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ያንን ቤት ቆልፈው ሄዱ።

ኢንተርኔት ሲመለስ ቡሬ ድረስ ሄጄ አንድ ሆቴል ተቀምጬ ፈለግሁት። የሬዲዮው ገጽ አልጠፋም። የመጨረሻው ዜና ያ ዝም ያለበት ቀን ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ወደ ኋላ እየሄድኩ የወባውን ዘገባ አገኘሁት። ጽሑፉ አለ። የድምፁን ምልክት ስጫን ግን ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፈትም። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ስጫነው ቆየሁ። አስተናጋጁ «ኔትወርኩ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። በሌላ ቀን፣ በሌላ ስልክም ሞክሬያለሁ።

ማታ ለአባቴ ስነግራቸው «ጽሑፉስ ምን ይላል?» አሉ።

«ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ የአካባቢው ነዋሪ ይላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የጋሼን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ እንደ ጸሎት ቀስ ብለው ጠሩ።

ባለፈው ሰሞን የጀርመኑ ሬዲዮ ውይይት ነበረው። አዋቂዎች ተሰብስበው አሜሪካ የለቀቀችውን ቦታ አውሮፓ ትሞላዋለች ወይ ብለው ይከራከራሉ። አንዱ ገንዘቡ የላትም ይላል፣ ሌላው እንዲያውም እሷም ርዳታዋን እየቀነሰች ነው ይላል፣ ሦስተኛው ቻይና ቀድማ ገብታለች ይላል። አባቴ እስኪያልቅ ሰምተው ሬዲዮውን ዘጉና «ትሞላዋለች» አሉ።

ደነገጥኩ። «ማን? አውሮፓ?»

«አዎ። ዝም ብላ ነው የምትሠራ። ጩኸት አታበዛም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ዝም ትያለሽ? አንቺ የአሜሪካን ያዢ እንጂ።»

ገባኝ። የጋሼን ወገን ራሳቸው ይዘው የራሳቸውን ለእኔ ሰጥተውኛል። የአባቴን ነገር አንድ በአንድ አነሳሁ፤ ጨረቃውን፣ መርከቡን፣ ዶላሩን፣ በዓለም ዙሪያ የሚነገረውን ቋንቋ። እሳቸው ደግሞ ጋሼ ይሉት በነበረው እየመለሱ ጣሉኝ። አንዳንዱን መልስ ጋሼ ሲናገሩት ሰምቼው አላውቅም፤ ከየት እንዳመጡት አልገባኝም። ድምፃቸው ሳይቀር ቃል በቃል እየለየ መሄድ ጀመረ። ፈራሁ፤ ግን አላቆምኩም። ሳቆም ምን እንደሚመጣ ስላላወቅሁ ደጋግሜ ተከራከርኩ።

በመጨረሻ «እሺ፣ አሸነፉኝ አባዬ» አልኩ።

አባቴ ግን ደስ አላላቸውም። አጥሩን አሻግረው የጋሼን ጨለማ ቤት አዩና፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው ገቡ።